ስም ያልተጻፈለት ሜዳይ

የጦር አርማ መሰብሰብ ራሱን የቻለ የታሪክ ጥናት ነው የሚሉ አሉ። ለጥንታዊቷ ሩስያ አባባሉ እውነትነት አለው፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ የተሠራ የሬጅመንት አርማ ብዙውን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን ምልክትና የምሥረታውን ዘመን ስለሚይዝ፣ ከባለቤቱ ቢለይም ይነበባል። ይህን ሚዛን እንዳለ ወደ ስሜን ማምጣት ግን ታላቅ ስሕተት ነው።

ከደባርቅ በላይ የወልቅፊትን በር ይዞ የቆየው የፋሺስት ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ለአርበኞች በኋላ የተሰጠው ሜዳይ ዘንባባው የተጋድሎውን ዓመታት ይቆጥራል፤ የታጋዩን ዋሻና ስንቅ ያቀበለውን ገበሬ የሚያውቁት ግን ልጅና የልጅ ልጅ ናቸው። ሜዳዩ ሲሸጥ ይህ ታሪክ ከሻጩም ከገዢውም ዘንድ ይጠፋል።

ቸግሮት የሚሸጠውን ቤተሰብ መውቀስ አይገባም። ሰብሳቢው ባይገዛው ይጠፋ ነበር የሚለው ክርክር ግን አያዋጣም፤ ያለ ታሪኩ የተረፈ ሜዳይ ማንን ያስታውሳል? የ1992 ዓ.ም. የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ቃልን ግን አዋጅ አያቆየውም። ስለዚህ የደባርቅና የዳባት መምህራን ደብተር ይዘው ወደ አርበኞች ቤተሰብ መግባት ይኖርባቸዋል። ሜዳዩ በቤቱ ይቆይ፤ የባለቤቱ ስምና የዋለበት ስፍራ ግን ዛሬውኑ ይጻፍ።