«ፀሐይ ነው» ከማለታችን በፊት

ለአፋር ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ሠመራ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

አዋሽ ሰባት ላይ ከከባድ መኪና ጭነት የሚያወርድ የ22 ዓመት ጎረቤት አለኝ። ባለፈው ግንቦት ጆንያ እንደተሸከመ ወደቀ። ጥላ ሥር አስተኝተን ውኃ አፈሰስንበት። ሁላችንም «ፀሐይ ነው» አልን፤ በዚያ ሙቀት ሌላ ምን ይጠረጠራል? ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ አዲስ አበባ ወሰድነው። ሐኪሙ ደረቱን በማዳመጫ ሰማ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ሰማ፤ ከዚያ ለልብ አልትራሳውንድ ላከው። ሦስት መዝጊያ ሊኖረው የሚገባ የልቡ በር ሁለት ብቻ ይዞ ተወልዷል።

ነገሩ ብርቅ አይደለም። ከመቶ ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ፤ ወንዶች ይበዛሉ። ብዙዎቹ ለዓመታት ምንም አይሰማቸውም። በአንዳንዶቹ ግን በሩ እየደረቀ ይጠብባል ወይም ደም ወደ ኋላ ያፈስሳል፤ ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ሥርም ሊለጠጥና ሊቀደድ ይችላል።

በእኛ በረሃ ድካሙም፣ የትንፋሽ ማጠሩም፣ ራስ መሳቱም በፀሐይ ይሳበባል። ነገር ግን ፀሐይ ላይ ብዙ ቆሞ የተዝለፈለፈና ሸክም ላይ ሳለ ድንገት የወደቀ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ልቡ ሳይመረመር ወደ ሸክሙ መመለስ የለበትም።

ስለዚህ እንጠይቃለን፦ ራሱን ስቶ ጤና ጣቢያ የደረሰ ወጣት ደረቱ ሳይደመጥ አይሸኝ። የጠበበ በር በእርግዝና ጊዜ ይከፋልና ነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያው ክትትል ይደመጡ። ሠመራ ዩኒቨርሲቲም አዲስ ተማሪዎቹን እንዲያስመረምር ተነጋገሩበት። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የተጎዳ የልብ በርም በዚያው ማዳመጫ ሊጠረጠር ይችላል። የተጠረጠረ ሰው ዱብቲ ሆስፒታል ይላክ ወይስ ሌላ ቦታ፣ በየትኛው ቀን እንደሚታይ በግልጽ ይነገረን።

ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው ሕፃናት ታስበው ነው። የእኛ ልጅ ግን ሕፃንነቱን ማንም ሳያዳምጠው አለፈ።

አሁን ጆንያውን ትቶ የመኪና ታርጋ ይመዘግባል። ሐኪሙ «ወንድሞቹም ይታዩ» ብሎናል። ታናሹ ዛሬ ጠዋትም እዚያው ሲያወርድ አየሁት። ከአዋሽ ሳይርቅ የት ልውሰደው?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዋሽ ነዋሪ