መሣሪያው በራ ማለት ልጅ ሰማ ማለት አይደለም

የእህቴ ልጅ በሦስት ዓመቷ ኮክሌር ኢምፕላንት ተገጥሞላት አሁን ዓመት ሊሞላት ነው። ስሟ ሲጠራ ትዞራለች፤ «ጫማሽን አምጪ» ስትባል ግን ግራ ይገባታል። እህቴ «ተበላሽቶ ይሆን?» ብላ የደወለችው ለእኔ ለኮምፒውተር ሰው ነው።

ሃርድዌሩን ቀድሞ መጠርጠር የእኛም በሽታ ነው። ጤናማ ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ 3,500 ገደማ ሕዋሳት አሉት፤ የተለመዱት ኢምፕላንቶች ግን ከ12 እስከ 22 ኤሌክትሮዶች ብቻ። የጎደለውን የሚሞላው አንጎል ነው፤ አንጎል ደግሞ የሚማረው ከሚሰማው ንግግር ነው። ዘግይቶ መገጠም፣ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ማድረግ፣ የኤሌክትሮዶቹ ልክ በወቅቱ አለመስተካከል፣ የመስሚያ ነርቭ በደንብ አለመፈጠር፣ ሁሉም ያዘገያሉ።

የእኛዋን ምን አዘገያት? ሐኪም ቤት «አማርኛውን ተዉት» ተባሉ፤ ቤቱ ዝም አለ። አፍ ባልፈታችበት ቋንቋ እናት ስንት ልታወራ ትችላለች? ሁለት ቋንቋ በራሱ ልጅን ያዘገያል የሚለውን ጥናቶች አይደግፉትም። ዝምታ ግን ያዘገያል።

እዚህ ላይ የእኛ ሥራ አለ። «ቆዳ»ን ከ«ኮዳ»፣ ላልቶ የሚነበበውን «ገና» ጠብቆ ከሚነበበው የሚያለማምድ የአማርኛ አፕ ፈልጌ አላገኘሁም። የእናት ድምፅ፣ ጥቂት ሥዕሎች፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ይበቃል። ባለሙያውን አይተካም፤ ቤቱን ግን ያናግራል። እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ማን ያግዘኛል?