«እርጅና ነው» ብሎ መሸኘት

መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠራረጉ፣ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው የሚሄዱ እናት ማየት ብርቅ አይደለም። ምን ሆነው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «እርጅና ነው»። ጎረቤት ይለዋል፣ ልጆቻቸው ይሉታል፣ አንዳንዴ ነጭ ጋውን የለበሰውም ይለዋል። ይህ መልስ ሰው ማሰናበቻ እንጂ ምርመራ ሆኖ አያውቅም።

አረጋውያን እንዴት እንደሚያዩ የሚመረምር፣ በጀት የተመደበለት የዶክትሬት ጥናት ያስፈልጋል ሲባል የሚስቁ አሉ። «መነጽር ለሌለው ገበሬ ፒኤችዲ ምን ይሠራለታል? መጀመሪያ ሕክምናው ይድረሰው!» ይላሉ። ሲሰሙት ለድሃ የተቆረቆረ ይመስላል። ያለፈውን ለሚያውቅ ግን አያስኬድም።

እስቴ ለዐይን ጥናት እንግዳ አይደለችም። ትራኮማን በቀዶ ሕክምና፣ በዚትሮማክስ፣ በፊት ንጽሕናና በአካባቢ ጽዳት ለመከላከል የተሠራው ሥራ የሦስት ዓመት ውጤት በአማራ ክልል አምስት ወረዳዎች ሲገመገም አንዷ እስቴ ነበረች፤ ግምገማው እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። የማዝ ክፋቱ ደግሞ የሚወጣው በስተርጅና ነው። በልጅነት ደጋግሞ የያዘ ማዝ የዐይን ቆብን ከውስጥ እያጠባሰሰ ይኖራል። ፀጉሩ ተቀልብሶ ብሌን መፋቅ ሲጀምር ሰውየው፣ ይበልጡን ሴትዮዋ፣ አርጅተዋል። ያኔ ወረንጦ ይዞ ጎረቤትን «ንቀይልኝ» ማለት ነው። ቀዶ ሕክምናው አለ፤ ችግሩ ከተሠራም በኋላ ፀጉሩ ተመልሶ መቀልበሱ ነው።

ሁለት ዓይነት የቆብ ቀዶ ሕክምና ለዓመታት ጎን ለጎን ሲሠራባቸው የትኛው እንደሚሻል አጥጋቢ መልስ አልነበረም። ኢትዮጵያዊው እስማኤል ሀብታሙ በለንደን የሃይጅንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የዶክትሬት ተማሪ ሳለ፣ ዌልካም ትረስት በሰጠው ገንዘብ፣ ከባልደረቦቹ ጋር በአማራ ክልል 1,000 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ወጣ። የቆቡ ሙሉ ውፍረት ከተቆረጠላቸው 22 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ተመለሰባቸው፤ የውስጠኛው ንብርብር ብቻ ከተቆረጠላቸው 13 በመቶው። ተጨማሪ ሆስፒታል አልተሠራም፤ ቢላዋው የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ተለየ። «ጥናቱ ይቆይ» የሚሉት ተሰምተው ቢሆን ኖሮ የትኛው እጅ እንደሚሻል ሳይታወቅ መቁረጡ ይቀጥል ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ገና የቆብ ጉዳይ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ዓይነ ስውርነት 1.6 በመቶ መሆኑን፣ ግማሽ ያህሉም በዐይን ሞራ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ ይገፈፋል። ሞራም ማዝም የሌለበት ሽማግሌስ? ወደ 60 ዓመት የደረሰ ሰው የዐይን መጋረጃ ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ነው። ብሌኑ ይጠብባል፣ ሌንሱ ቢጫ ይሆናል። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገባ ዐይኑ እስኪለምድ ይዘገያል፤ ግራጫን ከግራጫ መለየት ይከብደዋል። አሁን ይህን ሰው መስኮት አልባ፣ ጭስ ያጠቆረው ቤት ውስጥ አስገቡት።

በጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ የተሳለው ጥቁር የእንግሊዝኛ «ኢ» እግሩ ወዴት እንደዞረ በጣቱ አሳይቶ «ደህና ያያሉ» ተብሎ የተመዘገበ አባት፣ ሲመሽ ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ ላያየው ይችላል። ወድቆ ዳሌው ቢሰበር እንኳ መዝገቡ ላይ ዐይኑ ጤነኛ ነው። የውጭ ቤተ ሙከራዎች ይህንን በኮምፒውተር ስክሪን ይለካሉ፤ ተለኪዎቹ በአብዛኛው ፊደል የቆጠሩ፣ መብራት ያላቸው ናቸው። ያንን ውጤት እንዳለ አምጥቶ እስቴ ላይ መለጠፍ አይቻልም።

«ባለሙያ የለም» የሚለውም አይሠራም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ክፍል አለው፤ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ እዚያው ዞኑ ውስጥ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልሉ ያለበት ግጭት ግን እውነተኛ እንቅፋት ነው፤ ተመራማሪን ወደ ተኩስ ላኩ የሚል የለም። ዕቅዱን መጻፍ፣ ተማሪውን መምረጥና ማሠልጠን ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። የ75 ዓመት ሰውም ብዙ ቀጠሮ የለውም።

በጀቱ ይመደብ ሲባል እንደ ለመድነው አይሁን። ለተማሪው የአራት ዓመት መኖሪያ ካልተሰጠው ቀን ሲያስተምር ውሎ፣ ማታ ቅርብ ላገኛቸው የግቢ ተማሪዎች መጠይቅ በትኖ ይመረቃል። የአረጋዊ ዐይን በሃያ ዓመት ልጅ አይጠናም። (ለሆቴል ዐውደ ጥናት አበል ሲሆን «በጀት የለም» ሲባል ተሰምቶ አይታወቅም።) የቀበሌ መጓጓዣ ይታሰብለት። ለተለኩት ሁሉ መነጽር ወይም ወደ ሐኪም መላኪያ ይያዝ፤ የሰው ዐይን ለክቶ፣ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ነውር ነው። ውጤቱም ለመጽሔት ብቻ ሳይሆን በአማርኛ ለተለኩት ይነገር።

ያ ተመራማሪ መካነ ኢየሱስ ሲደርስ ሰሌዳውን ከማውጣቱ በፊት አመሻሽ ላይ አንድ ቤት ይግባ። እማማ ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ይቀመጥና ስንት ጠጠር እንዳለፋቸው ይቁጠር።