ቅል በአገሩ እንዳይረሳ

«በአገሩ ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይላል የአገራችን ሰው። ዛሬ ግን ቅሉን በገዛ አገሩ ፕላስቲክ እያሸነፈው ነው። እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ በሐይቅና በአምባሰልም ወተት የሚናጥበት ቅልና ጠላ የሚጠጣበት አንኮላ ቦታቸውን ለጀሪካንና ለፕላስቲክ ኩባያ እየለቀቁ ነው። ጀሪካን በቀላሉ አይሰበርምና የመረጠውን አርሶ አደር መውቀስ አይገባም። የሚያሳስበው ዘሩ ነው። ያልተዘራ ዘር ያረጃል። አንገተ ረጅሙ፣ ሆደ ሰፊው፣ ለጭልፋ የሚሆነው አንዴ ከጓሮ ከጠፋ መልሶ ማግኘት ይቸግራል።

ለዕቃነት ያልተፈለገ ቅል ግን ለጌጥ ይፈለጋል። ሐይቅ ከተማና ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናቸው። ሐይቁንና ጥንታዊውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለማየትም እንግዳ ይመጣል። የተቀረጸ ቅል ቀላል ስለሆነ ለመንገደኛ ይመቻል።

ልማቱ የእህል መሬት አይሻም፤ የአጥር ጥግና ጠንካራ ዳስ ይበቃዋል። ዘሩን አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ፍግ በተጨመረበት ጉድጓድ ሁለት ሦስት ፍሬ መዝራት፣ በጉድጓዶቹ መካከልም 2 ሜትር ያህል መተው ነው። ቅል ለመድረስ ከ4 እስከ 5 ወር ስለሚፈልግ፣ ውኃ ያለው ቀደም ብሎ ቢዘራ ደጋው ላይ ከውርጭ ያመልጣል። ነጭ አበባው የሚፈካው ወደ ማታ ነው። ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ቅሎች ጎን ለጎን ከተዘሩ ይዳቀላሉ፤ ቅርጹን ጠብቆ ዘር ማስቀረት የሚሻ አራርቆ ይዝራ። ከዱባ ጋር ግን አይዳቀልም። አንገቱ ሲደርቅ ከነእንጨቱ ተቆርጦ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ይሰቀላል፤ ሲወዘወዝ ዘሩ ከተንኳኳ ደርቋል። መራራ ቅል መርዝ ስላለው ፈጽሞ አይበላም።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። የቀበሌ ባለሙያዎች የጓሮ አትክልትን ሲመዘግቡ ቅልን አይዝለሉት፤ በእናቶች እጅ ያለውን ዘር በየቅርጹ ያሰባስቡ። የሥራ ዕድል ፈጠራ ባለሙያዎችም ቅርጻ ቅርጽ የሚችሉ ወጣቶችን ከአምራቾች ያገናኙ። ገዢ ሳይታወቅ ሁሉም ይዝራ ማለት ግን አርሶ አደሩን ለኪሳራ መዳረግ ነው። በጥቂት ሐረግ ተጀምሮ ገበያው ይፈተሽ። ገበያው ቢዘገይ እንኳ ዘሩ ይተርፋል፤ ዘሩ ከጠፋ ግን ገበያው ቢመጣም የሚሸጥ አይኖርም።