ጩኸቱ ባለቤት አለው
ሞገዳችንን ላፈናችሁ፣ ስልካችንን ላስዘጋችሁ፤ ላዘዛችሁም ለፈጸማችሁም፤

አክስቴ ደምቢ ዶሎ ያረፈችው በጥር 2012 ነው። መርዶው ነቀምቴ የደረሰው አርባዋ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነበር፤ ከደብተር ተቀዶ፣ በአውቶቡስ መንገደኛ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ። «ቀብረናታል፤ አትቸኩሉ» ይላል፣ በእርሳስ። አባቴ የገዛ እህቱን አፈር ሳያለብስ ቀረ።

በዚያ ክረምት ባልሆነ ጨለማ ደምቢ ዶሎ ባለችበት በቄለም፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ስልኩም ኢንተርኔቱም ድርግም ብሎ ነበር። የተሰጠን ምክንያት ፀጥታ ነው። መጋቢት 4 ቀን ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲታወጅ እንኳ አካባቢው እንደተዘጋ ነው። የተከፈተው መጋቢት 22 ነው።

አባቴ ከእናንተ ጋር የተዋወቀው ግን ቀደም ብሎ ነው። ቀን ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ አስመትቶ፣ አንቴናው ላይ ሽቦ ቀጥሎ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት የአሜሪካ ድምፅን ሲከፍት የሚሰማው የፏፏቴ ዓይነት ጩኸት ብቻ ሆነበት። ሬዲዮው የታመመ መስሎት ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው። ጠጋኙ ፈትቶ፣ አይቶ፣ መልሶ ገጠመና «ይሄ ጤነኛ ነው» ብሎ ሳንቲም ሳይቀበል ሸኘው። ጊዜው 2002 ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጣቢያውን በዘር ፍጅቱ ጊዜ ጥላቻ ከነዛው የሩዋንዳ ሬዲዮ ሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው፣ ባለሙያዎች አቅሙ መኖሩን ካረጋገጡላቸው እንዲታፈን ትእዛዝ እንደሚሰጡ በይፋ የተናገሩት በዚያው ዓመት መጋቢት ነው።

አይታወቅብንም ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ከ7100 እስከ 7200 ኪሎኸርዝ ያለው መስመር ከመጋቢት 2001 ጀምሮ በአውሮፓ፣ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ለሬዲዮ አማተሮች፣ ማለትም በግል ጣቢያ እርስ በርስ ለሚነጋገሩ የሬዲዮ አፍቃሪዎች፣ ብቻ የተተወ ነው። የኤርትራ ሬዲዮ ግን ከዚያ አልወጣም፤ የኛ አገር ማፈኛም በላዩ ላይ ጩኸቱን ለቀቀበት። በሁለቱ መካከል የተረበሹት አውሮፓውያን አማተሮች ጩኸቱን መዝግበው ምንጩን ኢትዮጵያ ብለው ዘገቡ። ዘዴው ምሥጢር አይደለም፤ ጩኸቱ የሚበረታበት አቅጣጫ ከተለያየ ቦታ ይለካል፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ምንጩ ነው። ደግሞም የመብረቅ ጩኸት የፕሮግራም ሰዓት አያውቅም፤ ጣቢያ ሲከፈት የሚነሣና ሲዘጋ የሚተኛ ጩኸት የሰው እጅ አለበት። በ2006 ደግሞ የዓረብሳት ሳተላይት ስርጭት ሲታወክ ድርጅቱ ራሱ የሞገዱን መነሻ ኢትዮጵያ ነው ብሏል።

አገራችን የዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ናት። የኅብረቱ መተዳደሪያ አንቀጽ 45 የሌላውን ግንኙነት ማወክ ይከለክላል። ፊርማችን ያለበት ነው።

አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ኢቲ3ኤኤ የተባለ የአማተሮች ክበብ ጣቢያ ዓለምን ሲያነጋግር ኖሯል። በመኪና ባትሪ የሚሠራ እንዲህ ያለ አንድ የአጭር ሞገድ መነጋገሪያ ደምቢ ዶሎ፣ አንድ ነቀምቴ ቢኖር ኖሮ፣ መርዶው በዚያው ዕለት በደረሰን ነበር፤ ያም እናንተ ካላፈናችሁት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። በነቀምቴ፣ በግምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ ለአማተሮች ፈቃድ ስጡ፤ ከከተሞቹ በላይ ባሉት ጋራዎች ሪፒተር፣ ድምፅ ተቀብሎ አርቆ የሚያስተላልፍ ጣቢያ፣ እንዲተከል ፍቀዱ፤ በክፉ ቀንም ማንም እንዳይዘጋው በሕግ አስሩት። ሁለተኛው፣ ሞገዱ እንዲታፈን፣ ስልኩም እንዲዘጋ ትእዛዙ የተጻፈበትን ወረቀት ከነፊርማው ይፋ አድርጉ። «የኔትወርክ ችግር» የሚለውን መልስ አንቀበልም።

አባቴ ይቅር ባይ ሰው ነው። ይቅር የሚለው ግን ሰውን ነው፤ ኔትወርክን ይቅር ማለት አይችልም። ስማችሁን ንገሩት።

ከነቀምቴ፣
የአንድ ሬዲዮ አድማጭ ልጅ