እየጠበበ የሚሄደው የአደይ መስክና የፎቶግራፍ ምስክርነቱ

የክረምቱ ዝናብ ማባራት ሲጀምር፣ ከጳጉሜን እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት፣ የኢትዮጵያ ደጋማ መስኮች የአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳሉ፤ ካሜራ ያለው ስልክ በብዙ ሰው እጅ ከገባ ወዲህም ከዕንቁጣጣሽ እስከ መስቀል የሚነሣው የአበባ ፎቶግራፍ በዝቷል። ከዚህ ብዛት ተነሥቶ መስኮቹ እንደ ቀድሞው ሰፊና ጤነኛ ናቸው ብሎ መደምደም ግን አያስኬድም። መስኩን የሚያጠብቡት ምክንያቶች ሲበረቱ፣ የተለመደው የአነሣሥ ስልት ደግሞ ጥበቱን ከዕይታ ይሰውራልና።

አደይ አበባ በሚል የወል ስም የሚጠሩት ዕፅዋት ቢደንስ በሚባለው ወገን የሚመደቡ በርካታ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ በብዛት የሚበቅሉት በማሳ ዳርቻ፣ በግጦሽ ሜዳና ጦም ባደረ መሬት ላይ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምርና የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ሲያንስ፣ መሬት የሚያርፍበት ጊዜ ያጥራል፤ እርሻውም ወደ ድንበሩ ጫፍና ወደ ሜዳው ይገፋል። አርሶ አደሩ ቱፎርዲ የሚለው ፀረ አረም፣ ቅጠለ ሰፊ አረምን ለማጥፋት የተሠራ በመሆኑ፣ በስንዴና በጤፍ ማሳ ውስጥ የበቀለውን አደይ ከሌላው አረም አይለይም። ተዳፋቱ በባሕር ዛፍ ሲሸፈንም ብርሃን ፈላጊዎቹ የሜዳ አበቦች ቦታ ያጣሉ። ከዝርያዎቹ መካከል በአንድ ዓመት በቅለው የሚደርቁት ሕልውናቸው በዘር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ዘራቸው ሳይበስል ከታጨዱ ወይም ከተጋጡ ጉዳቱ የሚታየው በዚያው ዓመት ሳይሆን በሚቀጥሉት መስከረሞች ነው።

ከእርሻ ወሰን በላይ ባለው ውርጫማ ሜዳ ደግሞ ዋናው ጫና ልቅ ግጦሽ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የቆየው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ በእርሻ መስፋፋትና በግጦሽ ብዛት ነበር። ከብት የሚጥመውን ዕፅ አስቀድሞ ስለሚግጥ የማይጥመው ተርፎ ይበዛል፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት አበባ የተሞላ መስክ፣ ለካሜራ ያማረ ቢሆንም፣ የብዝኃነት መመናመን ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የአየር ሙቀት ይጨመራል። በየ100 ሜትር ከፍታ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ፣ የአንድ ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ ተስማሚውን ቀጣና በ170 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይገፋዋል። ተራራ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ ወደ ላይ የሚሸሽ ዝርያ የሚያገኘው መሬት ያነሰ ነው።

ይህ ሁሉ በፎቶግራፍ ላይ የማይታይበት ምክንያት በአብዛኛው ቴክኒካዊ ነው። ረዥም ሌንስ፣ ካሜራው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ሲያነሣ፣ በቅርብና በሩቅ ያሉትን አበቦች አቀራርቦ ስለሚያሳይ፣ ተራርቀው የበቀሉ ጥቂት ግንዶች የማያቋርጥ ምንጣፍ ይመስላሉ። ከቅርብ የሚነሣ ምስል ደግሞ ጀርባውን ስለሚያደበዝዝ፣ ከአበባው ኋላ ያለው የታረሰ መሬት ወይም የባሕር ዛፍ ተክል አይለይም። አንሺው በየዓመቱ አበባው ወደ ተረፈበት ስፍራ ስለሚሄድ አበባ ያጣው ስፍራ ከመዝገብ ይወጣል፤ ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ቀኑና ቦታው አብረውት አይዘልቁም። በዚህ ሁኔታ የተከማቹ ሺህ ምስሎች የአበባን ውበት እንጂ የመስክን ስፋት አይመሰክሩም።

ሥርዓት ያለው ክትትል የሚያስገኘው ዕውቀት ከሌላ ተራራማ ምድር ይታወቃል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በሮኪ ተራሮች ሜዳዎች፣ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ለ39 ዓመታት የተደረገ የአበባ ቆጠራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም፣ የአበባው ወቅት በ35 ቀናት መርዘሙ፣ የመጨረሻው አበባም በየአሥር ዓመቱ በሦስት ቀናት ያህል መዘግየቱ ታውቋል። ፎቶግራፍም ተመሳሳይ አቅም እንዳለው በኢትዮጵያ ታይቷል፤ የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት የተነሡ የሰሜን ኢትዮጵያ ምስሎች ከ140 ዓመት በኋላ ከዚያው ስፍራ ዳግም ተነሥተው ሲነጻጸሩ፣ የዛፍና የቁጥቋጦ ሽፋኑ ከጥንቱ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ማስረጃው የዛፍ ሽፋኑ ያለማቋረጥ እየተመናመነ መጥቷል የሚለውን የተለመደ ግምት እንኳ ለማረም በቅቷል። ዘመቻው የተካሄደው በበጋ ስለነበረ ግን እነዚያ ምስሎች ስለ መስከረም አበባ የሚነግሩት የለም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የአበባውን ውብ ምስል ያነሣ ሁሉ ከዚያው ቦታ አንድ ሰፊ ምስል ቢጨምር፣ በምስሉ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ምልክት፣ ለምሳሌ ሸንተረር ወይም ትልቅ ድንጋይ፣ ቢያካትት፣ ቀኑንና ቦታውን ቢመዘግብ፣ በየዓመቱም አበባው ቢኖርም ባይኖርም ወደዚያው ቢመለስ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ለንጽጽር የሚበቃ ማኅደር ይፈጠራል። መዝገቡ ብቻውን መስክ አያድንም፤ የት መጠበቅ እንዳለበት ግን ያመለክታል። ጥበቃው እንደሚቻል የመንዝ ጓሳ የተባለው ደጋማ ሜዳ ያስረዳል፤ ማኅበረሰቡ ሜዳውን ለዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ እየዘጋ በተራ የሚጠቀምበት የቄሮ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት አገልግሏል፣ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሲፈርስ ሜዳው ለጫና ተጋልጧል፣ ኋላም በማኅበረሰቡ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃው ዳግም ተቋቁሟል። የመስኩ ዕጣ በአስተዳደር የሚወሰን ከሆነ፣ አስተዳደሩ የሚመራበት ማስረጃ ሜዳው ከመታረሱ በፊት መሰብሰብ አለበት።