ያሸነፈንን ቡድን ማስወጣት ይገባናልን?



በዚህ ዓመት በተደረገው የክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ውድድር የ11ሐን ጎል የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ጠበቅሁ ማለትም ድፍረት ይሆንብኛል፤ 11ሀ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ጊዜ አግብቶብኛልና። ከጎሉ በስተኋላ የተቀመጡት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጎሉን በአንድ ድምፅ ይቈጥሩ ነበር። እኔም ሳልወድ በልቤ አብሬ ቈጠርሁ።

እንደምታስታውሱት በውድድሩ የተካፈሉት ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል የተውጣጡ ስምንት ቡድኖች ናቸው። 11ሀ ሰባት ጨዋታ ተጫውቶ ሰባቱንም አሸነፈ። የእኛ ክፍል ግን አንድ አሸንፎ፣ በአንዱ እኩል ወጥቶ፣ በአምስቱ ተሸንፎ ውድድሩን ፈጸመ። የነጥቡ ሰንጠረዥ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ ብዙዎቻችን በዚያ በኩል ማለፍ አፈርን።

ከዚህ በኋላ በስፖርት ክበባችን ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀረበ። ይኸውም የ11ሀ ልጆች በመጪው ዓመት 12ኛ ክፍል ሲገቡ ከውድድሩ ይውጡልን፤ ከፈለጉ ከከተማው ቡድኖች ጋር ይግጠሙ የሚል ነበር። ብዙ እጅ ወጣ። እውነቱን ለመናገር የእኔም እጅ ከወጡት አንዱ ነበር። ውሳኔው ለመስከረም ስለተቀጠረ፣ እስከዚያው ድረስ ሐሳቤን የለወጥሁበትን ምክንያት በዚህ መጽሔት ለማስረዳት እወዳለሁ።

በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ግዛት የሚኖር የአጎቴ ልጅ አለኝ። ከጋምቤላ የሄዱ ብዙ የአኙዋና የኑዌር ቤተሰቦች በዚያ ግዛት እንደሚኖሩ ከእናንተ መካከል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ስለ ዘጠኙ ጎልና ስለ ስብሰባው በስልክ ባጫወትሁት ጊዜ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ቀጥሎ ግን «ይህንኑ ነገር እዚህ ያሉት ኮሌጆች አድርገውታል» ብሎ ታሪኩን ነገረኝ። እኔም የሰማሁትን ለማረጋገጥ ብዙ አነበብሁ።

የአሜሪካኖች ጨዋታ ስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያዘው በእጅ ነው። አሥራ አንድ ተጫዋች ከአሥራ አንድ ይገጥማል። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ ወደ ፊት ለመሄድ ይታገላል፤ ካልቻለ ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። ኳሱን ከመጨረሻው መስመር ያሳለፈ ቡድን ስድስት ነጥብ ያገኛል። በእነርሱ ጨዋታ ሰው ከሰው ጋር በኃይል ስለሚላተም ተጫዋቾቹ የራስ ቁር ያደርጋሉ።

ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው የትምህርት ክፍያ ይሸፍናሉ። ሦስተኛ ዲቪዚዮን በሚባለው ደረጃ ያሉት ትናንሽ ኮሌጆች ግን ለስፖርት ተብሎ የሚሰጥ የትምህርት ዕርዳታ የላቸውም፤ ተማሪው የሚጫወተው ጨዋታውን ስለሚወድ ነው። በአቅራቢያ ያሉ ኮሌጆች ተባብረው ኮንፈረንስ የሚሉትን ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜም እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ። በሰንጠረዣቸው ላይ ሁለት ዓይነት ውጤት ይጻፋል፤ አንዱ ከማኅበሩ አባሎች ጋር የተደረገው ጨዋታ ብቻ፣ ሁለተኛው የዓመቱ ጨዋታ ሁሉ ነው። ስለዚህ ከውጭ በመጣ ቡድን የተሸነፈ ኮሌጅ በማኅበሩ ውስጥ አንደኛ ሊሆን ይችላል።

የሚኒሶታ ኮሌጆች ኮንፈረንስ የተመሠረተው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1920 ነው። ከሰባቱ መሥራቾች አንዱ ሴንት ቶማስ ነበር። ይህ ትምህርት ቤት ከጊዜ በኋላ በተማሪ ብዛትና በሀብት ከጓደኞቹ እጅግ በለጠ። በ2017 ሴንት ቶማስ ሴንት ኦላፍ የተባለውን ኮሌጅ 97 ለ 0 አሸነፈ። ይህን ቍጥር ሳነብ ዘጠኙ ጎሌ ቀለለኝ። በ2019 የኮሌጆቹ ፕሬዚዳንቶች መክረው፣ በስፖርት አልተመጣጠንም በማለት፣ ሴንት ቶማስ ሳይወድ ከማኅበሩ እንዲወጣ መወሰናቸውን አስታወቁ። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ተሰናበተ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፤ መጀመሪያ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እነዚያ የተማሩ ሰዎች እንዲህ ካደረጉ እኛስ ምን ይከለክለናል አልሁ። ነገር ግን ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ታሪኩን ከሥሩ ስመለከተው ሦስት ነገር አገኘሁ።

አንደኛ፣ ሴንት ቶማስ 97 ነጥብ ባስቈጠረበት በዚያው የጨዋታ ዘመን ከጎረቤቱ ከሴንት ጆንስ ጋር ተጋጥሞ ያሸነፈው 20 ለ 17 ብቻ ነበር። ጨዋታውን ያየው ሕዝብ 37,355 ሲሆን፣ በትናንሽ ኮሌጆች ጨዋታ ይህን ያህል ተመልካች ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። በ2018 እና በ2019 ደግሞ ያሸነፈው ሴንት ጆንስ ነው። እንግዲህ አይቻልም የተባለው ቡድን ከዚያው ማኅበር በወጣ ቡድን ተችሏል። ብርቱውን በማስወጣታቸው 97 ለ 0ን ብቻ ሳይሆን 20 ለ 17ንም ነው አብረው ያስወጡት።

ሁለተኛ፣ የተባረረው ቡድን አልተጐዳም። ሴንት ቶማስ በ2021 በቀጥታ ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ወጣ፤ በሁለተኛው ዓመትም በገባበት ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሆነ።

ሦስተኛ፣ ከዚያው ማኅበር መሥራቾች ማካሌስተር የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጋናዊው ኮፊ አናን በ1961 የተመረቁት ከዚህ ኮሌጅ ነው። የማካሌስተር ቡድን ከ1974 እስከ 1980 ድረስ 50 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። ሃምሳ ጊዜ! በ1980 ግን 17 ለ 14 አሸነፈና ያ ሁሉ ሽንፈት አበቃ። ከጊዜ በኋላ ከኮንፈረንሱ የእግር ኳስ ውድድር ወጥቶ ብዙ ዓመት ከቈየ በኋላ በ2021 ተመልሶ ገባ። የእኛ ክፍል የተሸነፈው አምስት ጊዜ ነው፤ አንድ እንኳ ይውጡልን ለማለት ገና አርባ አምስት ይቀረናል።

ለፕሬዚዳንቶቹ ፍርድ መንፈግ ግን አይገባኝም። ሰው በሰው ላይ በኃይል በሚወድቅበት ጨዋታ ደካማው ቡድን ከጠንካራው ጋር ቢገጥም አጥንት ሊሰበር ይችላል። በእኛ ጨዋታ በዚያ ቀን የተሰበረው ክብሬ ብቻ ነው፤ እርሱም ድኗል።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም በ1949 ዓ.ም. በተዘጋጀ ጊዜ መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ። በፍጻሜው ጨዋታ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው ኤል ዲባ የሚባል አንድ ተጫዋች ነው። የእኛ በረኛ በዚያ ምሽት ምን እንደ ተሰማው እኔ አውቃለሁ። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ውጤቱ እንደ ገና 4 ለ 0 ሆነ። አባቶቻችን በዚያን ጊዜ ግብፅ በርትታብናለችና ትውጣልን አላሉም። ተለማመዱ። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፏትና አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ግብፅ ተባርራ ቢሆን ኖሮ ያ ዋንጫ ምን ዋጋ ይኖረው ነበር?

ከአራቱ መሥራቾች ግን በ1949 ዓ.ም. እንዳትጫወት የተደረገች አንዲት አገር ነበረች። እርስዋም ደቡብ አፍሪካ ናት። የተከለከለችው ስለበረታች አይደለም፤ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም፣ ወይ የነጭ ብቻ ወይ የጥቁር ብቻ ላምጣ ስላለች ነው። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው ደንብ ይህ ነው። ከጨዋታ መውጣት የሚገባው አብሮ መጫወትን የናቀ ነው፤ ተለማምዶ የበረታ አይደለም።

ወላጆቼና መምህራን ሆይ፤ ይህን የምጽፈው ስለ ኳስ ብቻ አይደለም። እኛ በጋምቤላ ያደግን ልጆች «ይውጡልን» የሚለው ቃል ከኳስ ሜዳ ውጭ ሲነገር ምን እንዳደረሰ አይተናል። ትምህርት የተቋረጠባቸውን ሳምንታትና ሱቆች በጊዜ የተዘጉባቸውን ምሽቶች አንረሳቸውም። የ11ሐ ቡድን ውስጥ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ እንዲሁም ከደጋ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች አሉ፤ የ11ሀም እንደዚሁ ነው። ይህን ቡድን የደለደለልን የክፍል ስም ዝርዝር እንጂ የትውልድ ሐረግ አይደለም። በሜዳችን ላይ ይህ መልካም ነገር ሳለ፣ ያሸነፈንን ሁሉ ማስወጣትን በኳስ ብንለማመድ ነገ በሌላው ነገር ምን እንለማመዳለን?

አንዳንዶች 11ሀ ያሸነፈው ረጃጅም ልጆች ስለበዙበት ነው ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ በእኛም ክፍል ረጃጅም ልጆች ሞልተዋል። ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ቀን ማልጄ ተነሥቼ ሄድሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ የ11ሀ ልጆች በባሮ ዳር ባለው አሸዋ ላይ በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ። ገንዘብ አዋጥተው የገዙት የራሳቸው ኳስ አላቸው። እኛ ግን ኳስ የምንነካው በጨዋታው ቀን ብቻ ነበር። ከዚሁ ከጋምቤላ ተነሥተው የብሔራዊ ቡድናችንን ማልያ የለበሱት ኡመድ ኡክሪና ጋቶች ፓኖም፣ አንዱ በግብፅ ሌላው በሩሲያ ክለብ እስከ መጫወት የደረሱት ከሚበልጧቸው ጋር መጋጠምን ባለመፍራታቸው እንደ ሆነ አምናለሁ።

እንግዲህ ማስወጣት የማይገባ ከሆነ ምን እናድርግ? እኔ በበኩሌ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

መጀመሪያ፣ የሚኒሶታ ኮሌጆች በ2021 ቡድኖቻቸውን በሁለት ምድብ እንደ ከፈሉ፣ እኛም ስምንቱን ቡድኖች በዕጣ አራት አራት አድርገን እንክፈል። ከየምድቡ ሁለቱ የበላዮች ለዋንጫ ይጋጠሙ፤ ሁለቱ የበታቾችም ለሁለተኛ ዋንጫ ይጋጠሙ። በዚህ ዓይነት የመጨረሻው ቡድን እንኳ እስከ መጨረሻው ሳምንት የሚጫወትለት ነገር ያገኛል።

ሁለተኛ፣ በአምስት ጎል የመራ ቡድን ተቀያሪዎቹን ያስገባ። እነርሱም ተማሪዎች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጠው መመልከት የለባቸውም።

ሦስተኛ፣ የስፖርት ክበቡ ኳሶች በዕቃ ቤት ተቈልፈው ከሚቀመጡ ለየክፍሉ በሳምንት አንድ አንድ ቀን በተራ ይሰጡ። ኳስ ያልነካ ቡድን መሸነፉ ምን ይደንቃል? ወላጆቻችንም ቢቻላቸው ለአንድ ክፍል አንድ ኳስ በመግዛት ቢረዱን ከዋንጫ የበለጠ ነገር አደረጉልን።

በዚያ ጧት አሸዋው ላይ ቆሜ ስመለከት የ11ሀ አምበል አየኝና «በረኛችን ታሟል፤ ትቆምልናለህ?» አለኝ። ቆምሁ። ብዙ ገባብኝ፤ ጥቂት አዳንሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእነርሱ ጋር እለማመዳለሁ፤ የክፍሌንም ሦስት ልጆች ይዤ መሄድ ጀምሬአለሁ። አሁን የሚመቱት ኳስ ወዴት እንደሚሄድ ከመመታቱ በፊት ማወቅ እየለመድሁ ነው። በመስከረም ድምፅ ሲሰጥ ያን ጊዜ ያወጣሁትን እጄን መልሼ አወጣዋለሁ፤ የማወጣው ግን እንዲቆዩ ነው። ምክንያቱም ዘጠኝ ጎል አለብኝ፤ የምመልሰውም እነርሱ ሲኖሩ ብቻ ነው።